የወደቡ መንገድ እና ደረቆቹ ወንዞች

ስለ ወደብ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከባሕሩ ጠረፍ አይርቅም። አሰብ የማን ነበር፣ ጅቡቲ ስንት ታስከፍላለች፣ በርበራ ያዋጣል ወይስ ታጁራ ይሻላል ይባላል። ከጠረፉ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ አዋሽ የተዘረጋው በረሃ ግን ማንም እንደማይኖርበት ባዶ ቦታ ይታለፋል። ለከባድ መኪና ሾፌር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወደቡ ለእርሱ ወረቀትና ሰልፍ ነው፤ ዕድሜውን የሚበላው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ከሙቀቱም ከዳገቱም ይልቅ የሚፈራቸው ውሃ የሌለባቸውን ወንዞች ነው።

ከጅቡቲ ጭኖ ዲኪልን ያለፈ ተሳቢ ሌሊቱን ወደ ጋላፊ ሲያቀና፣ ድንገት ከፊቱ የቆሙ መኪኖች የኋላ መብራት ተደርድሮ ያያል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ኮከብ ይቆጠራል። አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ረዳቱ ወርዶ እስከ ሰልፉ ጫፍ ይሄድና «ወንዙ ሞልቷል» ብሎ ይመለሳል። የትኛው ወንዝ? ትናንት በዚያው ሲያልፉ አሸዋና ጠጠር ብቻ የነበረው፣ ፍየል የሚተኛበት ቦይ ነዋ! አሁን ቡናማ ውሃ ቋጥኝ እያንከባለለ ይወርድበታል። ዝናቡ የጣለው ከዚያ ርቆ በሚገኝ ተራራ ላይ ነው። በረሃው ፀሐይ ያደረቀው፣ ሣር የሌለው፣ ድንጋይና ደረቅ ሸክላ ስለሆነ ውሃውን አይመጥም። በግማሽ ሰዓት የወረደ ከባድ ዝናብ እንዳለ ወደ ቦዮቹ ይገባል፤ ቦዮቹ ተጋግዘው አንድ ሸለቆ ይሞላሉ። ከሰዓታት በኋላ ውሃው ይጎድላል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው።

ውሃው ከሄደ በኋላ አስፋልቱ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል። በረሃ ውስጥ መንገድ ሲሠራ አፈር ይደለደላል፤ ከሥሩ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ይቀበርበታል። ጎርፉ ቁጥቋጦና ድንጋይ ጠርጎ ሲመጣ ቱቦው ይደፈናል፤ ያኔ የመንገዱ ሙሌት ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል። ውሃው በአንዱ ጎን ተከማችቶ በላዩ ይፈስሳል፤ በሌላው ጎን ሲወርድ ደግሞ የሙሌቱን እግር ይቦረቡራል። አፈሩ ከሥር ተጠርጎ ሄዶ አስፋልቱ እንደ እንጀራ ቅርፊት ተንጠልጥሎ ይቀራል። አርባ ቶን የተሸከመ መኪና የፊት ጎማውን ሲያሳርፍበት ይሰበራል። የቆየ ሾፌር ስለዚህ መሐሉን አያይም፤ ወርዶ ውሃው በወጣበት በኩል ጎንበስ ብሎ የመንገዱን ጠርዝ ከሥር ያያል። ቀጥሎ ከመንገዱ ወርዶ በጎን የሚያልፍበትን ፒስታ መፈለግ ይጀምራል።

ኢትዮጵያ ወደ ባሕር የሄደችበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ላየ ሰው፣ ዋና የተባለው መንገድ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ተለዋጭ እንደነበር ይገነዘባል። መንገዱ የሚመረጠው የአንድን ሰው በር ለመሸሽ ነው፤ ውሃው የት እንደሚወርድ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

ከመኪናና ከባቡር በፊት መንገዱ አይሰበርም ነበር፤ የሚሰበር ነገር አልነበረውምና። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ሲነሣ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶበታል። ታጁራ ላይ ግመልና ፈቃድ ጥበቃ ያጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር ነው ይኼ። ቅፍለቱ የሚሄደው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ፣ በአፋር መሪዎች ምልክት ነው። ሸለቆ ቢሞላ ግመሉን አራግፎ ያድራል ወይም ግማሽ ቀን ዞሮ በሌላ ይሻገራል። ዘገምተኛ ነው፤ ሽፍታም ጥምም አለበት። ጎርፍ ግን አንድ ቀን ቢያስቆመው ነው እንጂ መንገዱን አይወስድበትም።

የባቡሩ ታሪክ ይለያል። ምኒልክ ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ገና ሥልሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ ሸበሌና ሆልሆል ላይ ሁለት ትላልቅ የብረት ድልድዮች ማቆም ግድ ሆነባቸው። ዓመቱን በአብዛኛው ውሃ የማይታይበት ሸለቆ ላይ ያን ያህል ብረት መትከል ለባለ አክሲዮኖቹ ብክነት መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። የሆነ ሆኖ ከመቶ ዓመት በኋላም ሆልሆል ቆሞ ይታያል፤ በዚያው ምድር ዝቅ ብለው የተሠሩት ስንት ጊዜ እንደታደሱ የሚቆጥር የለም። ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ገንዘቡን ስለሚጨርስ ግን መሥመሩ ከተራራው ሥር ዞረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ በኋላ ድሬዳዋ። ተለዋጭ መንገድ የወለደው ከተማ ማለት ይኼ ነው።

ከተማው የተቆረቆረው ግን ከሐረር ተራሮች የሚወርደው የደቻቱ አሸዋ ግራና ቀኝ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚሻገረው፣ ገበያ የሚቆምበት ደረቅ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ለሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት መጣና ከ250 በላይ ሕይወት ወሰደ። ከተማው ውስጥ በዚያ ሰዓት የጣለው ዝናብ ብቻውን ያን አያደርግም ነበር። እንደ ሾፌሩ ሁሉ፣ የድሬዳዋም ሰው ከተኛበት የቀሰቀሰው ሌላ ቦታ የጣለ ዝናብ ነው።

አሰብም የሽሽት መንገድ ነው። ጣሊያናዊው ቄስ ጁሴፔ ሳፔቶ በ1862 ዓ.ም. ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የገዛው ጠረፍ ለብዙ ዓመታት ከጀርባው መንገድ አልነበረውም። በወረራው ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. መጋቢት፣ ከአሰብ በኩል የተነሣ የጣሊያን ጦር የደናክልን በረሃ አቋርጦ ሰርዶን ሲይዝ ስንቁ በአውሮፕላን ነበር የሚጣልለት። ሥጋው እንዳይበላሽ በግና ወይፈን በነሕይወታቸው በጃንጥላ ይወርዱለት ነበር (ቀልድ ይመስላል፤ እውነት ነው)። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘች በኋላ የተቸገረችበት ነገር ዛሬም የሚታወቅ ነው፤ ባቡሩም ወደቡም የፈረንሳይ ነበሩ። ከዚያ ለማምለጥ ከአሰብ ተነሥቶ በማንዳ፣ በሰርዶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ የሚደርሰውን መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘረጋች። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት መኪና ስሙን በኢትዮጵያ የተከለው በነዚያ ዓመታት መንገዶች ላይ ነው። ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፒስታ የሚሉትም ቃላት ከመኪናው ጋር መጥተው ከመኪናው በኋላ ቀሩ።

አሰብ ከዚያ በኋላ ዋናው በር ሆነ። በኋላም ከአዋሽ በገዋኔ በኩል ቆላውን ይዞ ሚሌ የሚገባው መንገድ ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ጭነት የወሎን ዳገት ሳይወጣ በቀጥታ ወደ አሰብ ይወርድ ጀመር። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜም ከእርዳታው እህል ብዙው በዚያ ገባ። መንገዱ ግን ሁለት ትልልቅ ወንዞችን፣ ሚሌንና ሎግያን፣ ይሻገራል። ሁለቱም ውሃቸውን የሚያመጡት ከወሎ ከፍታ ነው። ከእነርሱ ሌላ ስማቸውን የአገሬው አርብቶ አደር ብቻ የሚያውቃቸው ቦዮች ሞልተዋል። አዋሽ ራሱ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ እስከ አቤ ሐይቅ ይወርዳል፤ ባሕር አይደርስም። ይኼን እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ወንዙን ተከትሎ ሄዶ ለውጭው ዓለም አረጋገጠ፤ አፋሮች ድሮም ያውቁት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። በየመንገዱ የነበረ ጭነት ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ያኔ ከአሰብ መንገድ ተገንጥሎ በዲቼቶ ወደ ጋላፊ የሚሄደው መሥመር፣ ያን ሁሉ ጭነት ይሸከማል ተብሎ ያልታሰበው፣ የአገሪቱ ጉሮሮ ሆነ። ጊዜያዊ ነው የተባለው ተለዋጭ መንገድ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለፈው። ዛሬም ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው።

ከጋላፊ ወዲያ ያለው መንገድ የጅቡቲ ነው፤ የሚመላለሱበት መኪኖች ግን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ናቸው። ይኼ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከጋላፊ በያቦኪ አድርጎ ዲኪል የሚደርሰው ክፍል ለረጅም ዓመታት እየተቦረቦረ ሲሄድ የቀመሰው ሾፌሩ ነው፤ የጥገናውን ጨረታ የሚያወጣው ሌላ አገር ነው። ሾፌሮች ከአስፋልቱ ይልቅ ከጎኑ ያለውን ምድር እስከመምረጥ ደርሰው ነበር። በአንድ ጎማ የተጀመረው ፈለግ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ሲጎደጎዱ ሦስተኛው፣ አራተኛው ይከፈታል። አቧራው ላይ ጎን ለጎን የሚሮጡ ፈለጎች መቶ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ይሰፋሉ። ደረቅ ጊዜ ይኼ ያስኬዳል። ከዲኪል ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ያለው ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ደግሞ የደረቀ የሐይቅ ወለል ነው፤ በየዓመቱ የሩጫ ውድድር የሚካሄድበት ልሙጥ ሸክላ። ሲደርቅ እንደ ኮንክሪት ይጠነክራል። ዝናብ ካካፋበት ግን ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ጭቃ ይሆናል፤ የገባው ተሳቢ እስከ ሴሜንት ይቀበራል።

መንገዱን ክፉ የሚያደርገው ሌላው ነገር የሁለት ክረምት መንገድ መሆኑ ነው። ደጋው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ያኔ አዋሽ፣ ሚሌና ሎግያ ይሞላሉ። የጅቡቲ ጠረፍ ደግሞ ዝናቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ደጋው ፀሐይ በሆነበት፣ ከኅዳር በኋላ ባሉት ወራት ነው። በዓመት ጠቅላላ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጥለው። ጉዳቱ ግን ከዓመቱ ድምር ይልቅ ባንዴ ከሚወርደው ነው። ስለዚህ ሾፌር በነሐሴ አፋር ላይ፣ በኅዳር ጅቡቲ ላይ፣ በሚያዝያ ድሬዳዋ በኩል ይፈራል።

2012 ዓ.ም. ሦስቱንም ባንድ ዓመት አሳየ። ኅዳር ላይ ጅቡቲ፣ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት፣ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደባትና እስከ 250 ሺህ ሰው ተጎዳ። ሚያዝያ ላይ ድሬዳዋን ጎርፍ መታት። ነሐሴ ላይ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከኑሮው ተናወጠ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ የአምቡሊ ሸለቆ ሞልቶ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ የሶማሌላንድን ምዕራብ መታ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የነካ አውሎ ነፋስ አልተመዘገበም ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቆርጦ መዞር የሚባለው ነገር በሾፌሩ ቋንቋ ምን ይመስላል? መጀመሪያ መጠበቅ ነው። ውሃ በሚወርድበት የሚደፍር ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለመንገዱ አዲስ ነው፣ ወይም «ዕቃው ዛሬ ካልገባ» የሚል ስልክ የሚያስጨንቀው። ውሃው ሲጎድል ረዳቱ ሱሪውን ጠቅልሎ በዱላ እየነካ ይሻገራል፤ ድንጋይ ካለ ያነሣል፤ ጉድጓድ ካለ ይሞላል። ከዚያ ባዶ መኪና ቢገኝ እርሱ ይቀድማል። የመጀመሪያው ካለፈ ተከታዩ ፈለጉን ሳይለቅ ይሄዳል፤ አሥረኛው ላይ ፈለጉ ስለሚጎደጉድ ትንሽ ወደ ጎን ማለት ይመጣል። ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል፤ መሐል ላይ ማርሽ መቀየር የለም፣ መቆምም የለም። የቆመ መኪና አሸዋው ይይዘዋል፤ ያኔ ካቦ ተይዞ ከኋላ ሌላ መኪና ይለመናል። ባሌስትራ የሚሰበረው፣ ተሳቢው ከመንጠቆው የሚላቀቀው፣ ቦቴ የሚገለበጠው እዚህ ነው። አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ መንገዱ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው የአፋር እረኛ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ውሃ እንደሞላ ሳይሸራርፉ ይነጋገራሉ። ወሬን ማጣመም ነውር ነው። የድሮ የአሰብ ሾፌር ውሃና ዳቦ እየሰጠ ከእረኛው የሚጠይቀው ይኼንኑ ነበር። ዛሬ ሾፌሮቹ ከስልካቸው ግሩፕ ይጠይቃሉ፤ ኔትወርክ ባለበት። የሚያሳዝነው፣ ያ ተለዋጭ ፈለግ የሚያልፈው የእረኛው ግጦሽ ላይ መሆኑ ነው። በበረሃ ዝናብ በኋላ ለጥቂት ሳምንት የሚበቅለው ሣር ጎማ ከረገጠው ለዚያ ዓመት የለም። ጎርፉም መኪናውም የሚመጡት ሣሩ በሚበቅልበት ሰሞን ነው። ካሳ የሚባል ነገር ደግሞ ለተሠራ መንገድ ይከፈላል እንጂ ሾፌር በምሽት ለከፈተው ፈለግ አይከፈልም።

የመዘግየቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ማየትም አይከብድም። መርከቡ ቢዘገይ ዴመሬጅ ተብሎ በዶላር ይቆጠራል፤ ደረሰኝ አለው። የሾፌሩና የረዳቱ ሦስት ቀን በረሃ ላይ ማደር ግን የትም ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ብዙው ሾፌር የሚከፈለው በጉዞ ነውና የቆመበት ቀን የራሱ ኪሳራ ነው። ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ገበሬው እጅ ካልገባ ደግሞ በነሐሴ ቢደርስም ለዚያ ዓመት ዘር አይሆንም። የመንገዱ ቱቦ በግንቦት አለመጠረጉ ጎጃም ውስጥ በኅዳር አውድማ ላይ ይታያል ቢባል ማጋነን አይደለም።

አሁን ተለዋጮቹ በዝተዋል። ከድሬዳዋ ደወሌ አስፋልት ተዘርግቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር አለ፤ በዚያው ዓመት የተከፈተው የታጁራ ወደብም በባልሆ በኩል ከአፋር የሚያገናኝ መንገድ ተሠርቶለታል። በርበራም ይነሣል። ይኼ ሁሉ ከአንድ በር ይሻላል፤ ጋላፊ ሲዘጋ ደወሌ ካለ ማዳበሪያው ይገባል። ሆኖም የደወሌው መንገድም አዲሱ ሐዲድም ደቻቱን ያሳበጠው የሐረር ተራራ የሚያፈሰውን ውሃ ይሻገራሉ፤ በርበራ ያለችበትን ጠረፍ ሳጋር ጎብኝቶታል፤ ባልሆም ራምቦ በግመል ካለፈበት ምድር ብዙ አትርቅም። አዲስ ወደብ ሲፈረም ስለ መርከብ ማቆሚያው ጥልቀትና ስለ ታሪፉ ገጽ ሙሉ ይጻፋል። ከድንበር ወዲያ ያለው ቱቦ ሲደፈን ማን እንደሚጠርገው፣ መንገዱ ሲቆረጥ በስንት ሰዓት ማን ግሬደር ልኮ ጊዜያዊ መሻገሪያ እንደሚያወጣ፣ የቆሙት ሾፌሮች ውሃ ከየት እንደሚያገኙ ግን ከፊርማው በፊት ሲነሣ አይሰማም። ጥያቄው የሚነሣው ፒኬ 12 ላይ፣ መኪና ተሰልፎ፣ ከዲኪል ወዲያ ወንዝ ሞላ የሚል ወሬ ሲመጣ ነው።